ሚጥሚጣ፣ ጫትና የሚያቃጥል እግር

ስለ ነርቭ ሕመም ከአንባቢያን የደረሱን ጥያቄዎች መልካቸው ይለያይ እንጂ ጉዳያቸው አንድ ነው፤ የሚያቃጥል፣ የሚያነቃቃ ወይም አእምሮን የሚያዞር ዕፅ ለነርቭ ሕመም መድኃኒት ይሆናል ወይ የሚል ነው። ዕፁ ብዙ ጊዜ ሕመሙ በየት በኩል እንደሚያልፍ ይጠቁማል። ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ግን ከዕፁ ተጣርቶ፣ ተመጥኖ፣ አንዳንዴም ጭራሽ እንደ አዲስ ተሠርቶ የሚወጣ ነው። ከደረሱን ውስጥ ስድስቱን መርጠን እነሆ መልሰናል።

ጥያቄ፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ካለባት 15 ዓመት አልፏታል። ማታ ማታ ውስጥ እግሯን እንደ ፍም ያቃጥላታል፤ አንሶላ ሲነካት እንኳ አትችልም። ከሚጥሚጣ የነርቭ መድኃኒት ተሠርቷል፣ ጥናቱም ኖቤል አግኝቷል ሲባል ሰማን። ጎረቤቶች ደግሞ ሚጥሚጣ በቅቤ ለውሳችሁ ቀቧት ይላሉ። እንሞክረው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አትሞክሩት። የሰማችሁት ግን እውነት ነው። በርበሬንና ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለ ውህድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የዴቪድ ጁሊየስ የምርምር ቡድን ካፕሳይሲንን የሚቀበለውን የነርቭ ፕሮቲን ለይቶ አወጣ፤ ስሙ ቲአርፒቪ1 ነው። ይኸው ፕሮቲን ወደ 43 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀትም ይከፈታል። ሚጥሚጣ የበላ ሰው አፉ ሳይቃጠል ተቃጠልኩ የሚለው ለዚህ ነው። ጁሊየስ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር እ.ኤ.አ. የ2021ን የሕክምና ኖቤል ተካፍሏል።

የሚያቃጥል ነገር ቃጠሎ የሚያስታግሰው ነርቭን እስኪበቃው ስለሚያጥለቀልቀው ነው። ብዙ ካፕሳይሲን በአንድ ጊዜ ሲደርስበት ካልሲየም ወደ ነርቩ ጫፍ ይጎርፋል፤ ጫፉም ከቆዳው ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ከወራት በኋላ ተመልሶ ያድጋል። በዚህ መሠረት የተሠራው ባለ 8 በመቶ የካፕሳይሲን ልጥፍ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር ሕመም፣ በ2020 ደግሞ ለስኳር ሕመምተኞች እግር ተፈቅዷል። እግር ላይ የሚቆየው 30 ደቂቃ ብቻ ነው። የሚለጥፈው የጤና ባለሙያ ነው፤ ጓንቱም ናይትራይል መሆን አለበት፣ ተራው የላቴክስ ጓንት ካፕሳይሲን ያሳልፋልና። የሚደገመው ከ3 ወር በኋላ ነው። ውጤቱንም አናጋንነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምገማ እንዳሰላው፣ አንድ ሰው በግልጽ እንዲሻለው በልጥፉ ወደ 11 ሰው መታከም ሲኖርበት እንደ አሚትሪፕቲሊን ባሉት ርካሽ ኪኒኖች ግን 4 ሰው ያህል ይበቃል።

አሁን ወደ ቅቤው እንምጣ። በጣም የሚያቃጥል ደረቅ ቃሪያ ሲፈጭ በውስጡ ከ0.3 እስከ 0.6 በመቶ ያህል የካፕሳይሲን ወገን ውህድ ይኖረዋል። በየቀኑ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ለመቀባት የተሠራው ክሬም 0.075 በመቶ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ በቅቤ ሳይለወስ ከክሬሙ ከ4 እስከ 8 እጥፍ ይበረታል፤ ነርቩን ከቆዳ ለማሸሽ ግን ከልጥፉ ከ13 እጥፍ በላይ ያንሳል። ሥቃዩን ያመጣል፣ ጥቅሙን አያመጣም። ካፕሳይሲን በስብ ስለሚሟሟ ቅቤው ይዞት ወደ ቆዳ ይዘልቃል፤ በውሃ ቢያጥቡት ይሰራጫል እንጂ አይለቅም። ጨውና ቅመም ያለበት የገበያ ሚጥሚጣ ከሆነ ደግሞ በተሰነጣጠቀ ተረከዝ ላይ ቁስል ይከፍታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው፤ የእናትዎ እግር ቢያቃጥልም የመስማት ኃይሉ ተዳክሞ ሊሆን ስለሚችል ቆዳው ሲጎዳ ላይሰማቸው ይችላል። ቀድሞ ተቀብተው ከሆነ በጨርቅ ላይ የምግብ ዘይት አድርጋችሁ ጥረጉ፣ ከዚያ በሳሙና እጠቡ፤ እስከዚያው እጃቸው ዓይናቸው ጋ እንዳይደርስ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ እግራቸው 10 ግራም ጫና በሚሰጠው የናይለን ክር ይፈተሽ። ሁለተኛ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት ወስደው ከሆነ ቫይታሚን ቢ12 ይለካ፤ መድኃኒቱ ቢ12ን ያሳንሳል፣ የቢ12 እጥረትም ብቻውን ተመሳሳይ የእግር ማቃጠል ያመጣል። ሦስተኛ፣ ማታ ማታ ትንሽ አሚትሪፕቲሊን ይስማማቸው እንደሆነ። በብዛት የሚገኘው ባለ 25 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚህ ዕድሜ በግማሽ ፍሬ መጀመር የተለመደ ነው። የልብ ምት መዛባት፣ ግላኮማ ወይም የሽንት መከልከል ካለባቸው ግን አይሆንም። መድኃኒቱ ልካቸው ላይ ከደረሰ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይጠብቁ አልሠራም ብሎ መተው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። እስከዚያው ከሰል ምድጃ ዳር እግር ማሞቅ ይቅር፤ የሚታጠቡበትን ውሃም ቀድሞ በክርናቸው፣ ይልቁንም በእናንተ እጅ፣ ይለካ።

በነገራችን ላይ የቁልቋል ወተት ተቀቡ የሚሉም አይጠፉም። የሞሮኮ ቁልቋል ዝርያ ሬሲኒፌራቶክሲን የተባለ ውህድ አለው፤ በዚያው ፕሮቲን ላይ ከካፕሳይሲን በሺህ እጥፍ ያህል የሚበረታ ሲሆን ለከባድ ሕመም በመርፌ ለመስጠት በሰው ላይ ተሞክሯል። ይህ ለእኛ ቁልቋል ምስክር አይሆንም፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ቢገባ ለዕይታ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኝ ከዳነ በኋላ ጎኔን ይወጋኛል። ጫት ስቅም ይጠፋልኛል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ግን ብሶ ይመጣል። ከጫት የነርቭ መድኃኒት ለምን አይሠራም? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ያሉት ስሜት ምክንያት አለው። በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው ውህድ ካቲኖን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶሪ የተለየ ነው። ከነርቭ ጫፎች ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን እንዲፈስ ያደርጋል። ኖርአድሬናሊን ደግሞ ከአንጎል ግንድ ወደ ሕብለ ሰረሰር ወርዶ የሕመምን መልእክት የሚገታው መስመር የሚሠራበት ኬሚካል ነው። አሚትሪፕቲሊንና ዱሎክሴቲን የሚያስታግሱትም በዚሁ መስመር ነው። ልዩነታቸው እነሱ የተለቀቀው ኖርአድሬናሊን ቶሎ ተመልሶ እንዳይጠጣ ማድረጋቸው ነው፤ ጫት ግን ያለውን ያስወጣና ባዶውን ይተወዋል። የማታው ብሶት እንቅልፍ ማጣቱም ሲጨመርበት የሚጠበቅ ነው።

የካቲኖን ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ግን አለ፤ ቡፕሮፒዮን ይባላል፣ ለድባቴና ሲጋራ ለማቆም ይታዘዛል። ከጫት የተቀዳ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በላቦራቶሪ የተሠራ ነው፣ የሞለኪውሉ አጽም ግን የካቲኖን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሙከራ ለ41 የነርቭ ሕመምተኞች ሰጥቶት 30ዎቹ ተሻሽለዋል። ጥሩ ውጤት ነው፤ 41 ሰው ግን ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ሐኪሞች አስቀድመው የሚያዙት አይደለም። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰውም አይሰጥም።

ጫቱን ራሱን መድኃኒት ለማድረግ የመጀመሪያው መሰናክል መጠን ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ነጋዴ በኮባ ጠቅልሎ እርጥበቱን የሚጠብቀው ለዚህ ነው። የጠዋቱና የማታው እስር አንድ መጠን የላቸውም። በተጨማሪም ጫት አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊን በደንብ ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል፤ አሚትሪፕቲሊን ላይ ሲደረብ የልብ ምትን ያፈጥናል። ትራማዶል የተባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የመንዘፍዘፍ ዕድሉን ያሰፋል። ጨብሲውን ከጋባፔንቲን ወይም ከትራማዶል ጋር መቀላቀል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሁሉም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ተደራርበው ትንፋሽ ያዳክማሉ።

ለእርስዎ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ጋባፔንቲን ነው፤ በቀን 300 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየጥቂት ቀኑ ይጨመራል፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይቀነሳል፣ በአንድ ጊዜም አይቋረጥም። ሹፌር ነዎትና የመጀመሪያዋን ፍሬ በዕረፍትዎ ዋዜማ ማታ ይውሰዱ፤ ልኩ በጨመረ ቁጥርም እንዴት እንደሚያደርግዎ ሳያዩ መሪ አይያዙ። አልማዝ ባለጭራ ገና ለወጣበት አንባቢ አንድ ቃል እንጨምር፤ አሲክሎቪር የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሽፍታው ይለፍና እሄዳለሁ ማለት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ከጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ሁለት ጥርስ አስነቅዬ አልተወኝም። የአጤ ፋሪስ ፍሬ ጢስ ታጠን አሉኝ። (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ አይታጠኑ። አጤ ፋሪስ ውስጥ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ናቸው፤ ሰው ያሳብዳሉ፣ ሽንት ይከለክላሉ፣ ትኩሳት ያመጣሉ፣ የነዘረውን ነርቭ ግን አይነኩትም። መጠኑም ከአንዱ ተክል አንዱ ይለያያል። የገለጹት ምልክት የፊት ነርቭ ሕመምን በጣም ይመስላል፤ ጥርስ ከመንቀል በፊት የነርቭ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው። ዋናው መድኃኒቱ ካርባማዜፒን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ይጀመራል። ሽፍታ፣ ትኩሳት ወይም የአፍ ቁስል ከመጣ አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ወይም ዶሉተግራቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ካርባማዜፒን ሁለቱንም ያዳክማቸዋል።

ጥያቄ፦ አእምሮን ከሚያዞሩ ዕፆች የነርቭ ሕመም መድኃኒት እየተፈለገ ነው ይባላል። የትኞቹ ናቸው? ማዞሩ ተወግዶ ማስታገሱ ብቻ ሊቀር ይችላል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ተመራማሪዎቹ የሚጨነቁበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልሱም ለየዕፁ የተለያየ ነው።

በጋቦን ለሃይማኖታዊ ሥርዓት የሚወሰደው የኢቦጋ ሥር ኢቦጌን የተባለ ውህድ አለው። ቅዠት ያመጣል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን በልብ ጡንቻ የፖታሲየም መተላለፊያ መዝጋቱ ነው፤ የልብ ምት አዛብቶ ሰው ገድሏል። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ኦልሰን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ሞለኪውሉን አቅልሎ ታበርናንታሎግ የተባለውን ሠራ። ይህ ልብን የሚነካው በጣም ባነሰ ደረጃ ነው፤ ለቅዠት የላቦራቶሪ ምልክት የሆነውን የአይጥ ራስ መነቅነቅም አላሳየም። ነርቫቸው በተጎዳ አይጦች ላይ የዚህ ቤተሰብ ውህዶች ሕመሙን ቀንሰዋል፤ የሠሩትም ቅዠት በሚያመጣው በዚያው የሴሮቶኒን ተቀባይ፣ በ5ኤችቲ2ኤ በኩል ነው። እኛን የሳበን ይኸ ነው፤ አንዱን ተቀባይ በሌላ አኳኋን በመንካት ቅዠቱን ትቶ ማስታገሻውን ማስቀረት የሚቻል ይመስላል። እስካሁን ግን ወሬው የአይጥ ነው።

በሜክሲኮ አገር የሚበቅለው ሳልቪያ የተባለ ዕፅ ሳልቪኖሪን ኤ የሚባል ውህድ አለው። ካፓ በሚባለው የኦፒዮይድ ተቀባይ ላይ ብቻ ይሠራል፤ እንደ ሞርፊን ትንፋሽ አይዘጋም፣ ግን ሰውን ከራሱ ያስወጣል፣ ያስጨንቃልም። እዚህ የተገኘው መላ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ከሳልቪያ ያልመጣ፣ ግን ካፓን ከአንጎል ውጭ ብቻ የሚነካ ዲፈሊከፋሊን የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ የተፈቀደው ግን ለሕመም ሳይሆን ኩላሊታቸው በማሽን ለሚታጠብ ሰዎች ማሳከክ ነው። የደቡብ ምሥራቅ እስያው ክራቶም ደግሞ የሞርፊንን ተቀባይ በከፊል የሚያነቃ ሚትራጋይኒን አለው። ጉበት ወደ ሌላ፣ ወደሚበረታ ውህድ ይለውጠዋል፤ ሱስ ማስያዙም ታይቷል። ከሦስቱ ተስፋ የምናደርግበት የመጀመሪያው ነው።

እነዚህ ወደ ሰው ሙከራ ሲመጡ ሌላ ችግር ይጠብቃቸዋል። ግማሹ ሕመምተኛ እውነተኛውን፣ ግማሹ ባዶውን ኪኒን ሲወስድ ማን የቱን እንደ ወሰደ መታወቅ የለበትም። ራሱ የዞረበት ሰው ግን ወዲያው ያውቃል፤ ያወቀም ተሻለኝ ማለቱ አይቀርም። የሚጥሚጣው ልጥፍ ሲሞከር ለማነጻጸሪያ ባዶ ልጥፍ ሳይሆን ትንሽ የሚያቃጥል ባለ 0.04 በመቶ ልጥፍ የተሰጠው ለዚህ ነበር። ስለ አዲስ መድኃኒት ስታነቡ ማነጻጸሪያው ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከውጭ የሲቢዲ ዘይት ሊልክልኝ ነው። ለነርቭ ይጠቅማል? ያስጠይቃል? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ያስጠይቃል። ሲቢዲ ከካናቢስ የሚወጣ ውህድ ነው፤ ካናቢስ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ሥር የሚወድቅ ነው፤ "ዘይት ነው፣ አያሰክርም" የሚለው ማብራሪያ ጉምሩክ ላይ አያድንም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንተርኔት የተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶች ተመርምረው መጠናቸው በትክክል የተጻፈው 26 ብቻ ነበሩ፤ 18ቱ ውስጥ ደግሞ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ተገኝቷል። ጥቅሙን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ተቋም ግምገማ 16 ጥናቶችንና 1,750 ሕመምተኞችን አይቶ የካናቢስ መድኃኒቶች ጥቅም በጉዳታቸው ሊበለጥ እንደሚችል ጽፏል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲቢዲ ደሙን ከልክ በላይ ሊያቀጥንበት ይችላል። ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ለነርቭ ሕመም በባህል የሚታዘዝ ሥር በአይጥ ላይ ልሞክር አስቤ ሆት ፕሌትና የአሴቲክ አሲድ ሙከራ መርጫለሁ። ይበቃል? (ከጥቁር አንበሳ አካባቢ)

መልስ፦ ሁለቱም የነርቭ ሕመም አይለኩም። በ55 ዲግሪ ብረት ላይ እግሯን የምታነሳ አይጥ ጤነኛ ነርቭ አላት፤ የአሴቲክ አሲዱም የሆድ ዕቃ ብግነት ነው። በዚህ የተገኘ ውጤት "ማስታገሻ ነው" ያሰኛል እንጂ "ለነርቭ ሕመም" አያሰኝም። ርዕስዎን ይቀይሩ ወይም ሞዴሉን ይቀይሩ።

ቀዶ ጥገና የማይጠይቀው መንገድ ፓክሊታክሰል በተባለው የካንሰር መድኃኒት ነርቭ መጉዳት ነው። በብዛት የሚሠራበት ልክ 2 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ አንድ ቀን እየዘለለ 4 ጊዜ፣ በሆድ ዕቃ መርፌ ነው። ቀዶ ጥገና የሚችል እጅ ካለ ቤኔትና ዢ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳዩት የሳያቲክ ነርቭን (ትልቁን የእግር ነርቭ) በ4 ልል ቋጠሮ ማሰር ይሻላል። ቋጠሮው ከጠበቀ ነርቩ ይሞታል፣ እግሩ ይደነዝዛል፤ ሕመም ሳይሆን ሽባነት ለክተው ይመለሳሉ። ልኬቱ በቮን ፍሬይ ክሮች፣ ማለትም ጫናቸው ታውቆ መዳፍ ላይ በሚጫኑ ክሮች፣ ይሁን። አይጦቹ ሽቦ ወለል ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይረጋጉ፤ ያልተረጋጋ አይጥ ለሁሉም ክር እግሩን ያነሳል። ማነጻጸሪያው ጋባፔንቲን ይሁን፤ ሞርፊን ብቻውን ለዚህ ጥያቄ አይመችም።

አእምሮን የሚነካ ዕፅ ሲሆን አንድ ወጥመድ አለ። የፈዘዘች አይጥ እግሯን ዘግይታ ታነሳለች፤ በወረቀት ላይ ግን ሕመሟ የቀነሰ ይመስላል። ስለዚህ በዚያው ልክ የሮታሮድ ሙከራ ይሥሩ። ከሚሽከረከረው ዘንግ ቶሎ ከወደቀች ያገኙት ማደንዘዣ ነው። ለኪው ሰው የትኛው ቡድን ምን እንደ ወሰደ አይወቅ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ግን ስንት ተስፋ የተጣለበት ዕፅ በዚህ ጉድለት ብቻ ጎልቶ ታይቷል።

አዘገጃጀቱ ላይ፣ ሥሩን በጥላ ያድርቁ፤ ፀሐይ ብዙ ውህድ ያበላሻል። 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል ለ72 ሰዓት ይዘፍዝፉ፣ ያጣሩ፣ ዝቃጩን ሁለት ጊዜ ይድገሙ፣ ሜታኖሉን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት በሮታሪ ኢቫፖሬተር ያትንኑ፣ የቀረውን ውሃ በፍሪዝ ድራየር ያድርቁ። ተክሉን ለመለየት በስሙ ብቻ አይተማመኑ፤ አበባና ቅጠል ያለበትን ናሙና አራት ኪሎ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የዕፅ ናሙናዎች ማኅደር) አስረክበው መለያ ቁጥሩን ይያዙ። ቁጥር የሌለው ጽሑፍ የየትኛው ተክል እንደሆነ ማንም ሊደግመው አይችልም።

ልኩንም ከመምረጥዎ በፊት ወደ ሰው ይቀይሩት። የትንሿ አይጥ (ማውስ) መጠን በ12.3 ሲካፈል የሰው ይሆናል፤ 400 ሚሊ ግራም በኪሎ ለ60 ኪሎ ሰው 2 ግራም ያህል ኤክስትራክት ነው። ከ100 ግራም ሥር 10 ግራም ካገኙ ይህ በየቀኑ 20 ግራም ደረቅ ሥር ማለት ነው። የባህል ሐኪሙ የሚሰጡት አንድ ቁንጥር ከሆነ የሞከሩት የእሳቸውን መድኃኒት አይደለም፤ 100 ሚሊ ግራም በኪሎ እንኳ ካላስታገሰ ልኩን ከፍ ማድረግ መልስ አይሆንም።

ናሙናውን ለኬሚካል ትንተና ወደ ውጭ ለመላክ ካሰቡ ከአማካሪዎ ፊርማ በፊት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቁ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። ዕውቀቱን የሰጠው ማኅበረሰብ ከጥቅሙ ድርሻ እንዳለውም አዋጁ ይደነግጋል። ፈቃዱ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻውን ፕሮፖዛሉ ከጸደቀበት ሳምንት አያሳልፉ፤ ዱቄቱ ግን እስከዚያው በጥቁር ጠርሙስ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ርቆ ይቆይ።